አንሴል አዳምስና የብርሃን እርከኖቹ

በዛሬው ጊዜ በብዙ ወጣቶች እጅ የሚገኘው ዲጂታል ካሜራ በጀርባው ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ የተነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ አያሳይም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት በፎቶግራፉ ጥግ ላይ የተራራ ሰንሰለት የመሰለ ቅርጽ ብቅ ይላል። ስሙም ሂስቶግራም ይባላል። አብዛኛው ባለ ካሜራ ምንነቱን ሳይጠይቅ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ፎቶግራፉን የሚሸፍን እንቅፋት መስሎ ይታየውና መልሶ ያጠፋዋል። ይሁን እንጂ ይህ ቅርጽ ካሜራው ብርሃንን በልክ ተቀብሎ እንደሆነ፥ ወይም ከልክ አሳልፎ ወይም አጉድሎ እንደሆነ የሚናገር ምስክር ነው። ምስክርነቱን ለመረዳት የመሣሪያውን መመሪያ ከማገላበጥ ይልቅ፥ መሣሪያው ከመፈጠሩ በፊት ስለዚሁ ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስብ የኖረውን የአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ይቀላል። ይህም ሰው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሴል አዳምስ ነው።

አንሴል ኢስተን አዳምስ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1902 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አያቱ በእንጨት ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አንሴል ገና ልጅ ሳለ ሀብቱ ተበተነና አባቱ ቻርልስ አዳምስ ቀሪ ዘመናቸውን ዕዳ ሲከፍሉ ኖሩ። አራት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፥ በአፕሪል 18 ቀን 1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮን ያፈረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዋናው መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕፃኑ አንዳች አልነካውም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ተከታዩ መንቀጥቀጥ ከአትክልቱ ሥፍራ ግንብ ጋር አላተመውና አፍንጫው ተሰበረ። አፍንጫው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሳይቃና ቀረ።

በትምህርት ቤት አልሆነለትም። አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል የማይችል፥ ዓይኑ ወደ መስኮት የሚሄድበት ልጅ ነበር። አባቱ ይህን በተመለከቱ ጊዜ እንደ ብዙ አባቶች በአለንጋ ሊያቃኑት አልሞከሩም፤ ከትምህርት ቤት አስወጥተው በቤት እንዲማር አደረጉ። በ1915 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ የዓመት መግቢያ ካርድ ገዝተው ሰጡትና ያን ዓመት አብዛኛውን ቀኑን እዚያ አሳለፈ። ልጁ ከዚያ ቀደም ብሎ በ12 ዓመቱ ፒያኖ መጫወት ለራሱ ጀምሮ ነበርና፥ ለረጅም ዘመን የወደፊት ኑሮው ይኸው ሙዚቃ መስሎት ኖረ። ሙዚቃውም ያላሰበውን ነገር አስተማረው፤ ልክን፥ ትዕግሥትን፥ አንዱን ድምፅ ከሌላው በጥቂት ከፍታ መለየትን።

በ1916 ዓ.ም. በ14 ዓመቱ ስለ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ወደዚያ ካልወሰዳችሁኝ ብሎ ወላጆቹን አስጨነቃቸው። ዮሰሚቲ የሚባለውን ሸለቆ ያየው በዚያ ክረምት ነው። ወላጆቹ እዚያው ሳሉ ኮዳክ ቦክስ ብራውኒ የተባለችውን ቀላል ካሜራ ሰጡት። ይህች ካሜራ ሣጥን ብቻ ነች ማለት ይቻላል፤ የብርሃኑን መጠን የምትወስነው ራሷ ነች፤ ባለቤቱ የሚሠራው ወደ ነገሩ አዙሮ መጫን ነው። ልጁ ግን በዚህ አልረካም። በሚቀጥሉት ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮ ፊልም በሚያጥብ አንድ ነጋዴ ጨለማ ክፍል ውስጥ እየሠራ የመድኃኒቱን፥ የሰዓቱንና የወረቀቱን ጠባይ ተማረ። በ1919 ዓ.ም. ሴራ ክለብ የተባለው የተራራ ወዳጆች ማኅበር አባል ሆነ፤ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮም ለአራት በጋ ማኅበሩ በዮሰሚቲ ባለው ቤት በጠባቂነት አገለገለ።

በዮሰሚቲ ሳለ የሠዓሊው የሃሪ ቤስትን ልጅ ቨርጂኒያን ተዋወቀ። አባትዮው ፒያኖ ነበራቸው፤ ወጣቱም ልምምዱን እንዳያቋርጥ ወደዚያ ቤት ይመላለስ ነበር። ፒያኖው ብቻ እንዳልሳበው ለመገመት አያዳግትም። ጋብቻቸው የተፈጸመው በጃንዋሪ 1928 ዓ.ም. ነው።

ከጋብቻው ዘጠኝ ወር ያህል አስቀድሞ፥ በአፕሪል 10 ቀን 1927 ዓ.ም. የሆነው ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ቀን አዳምስ ከቨርጂኒያና ከጥቂት ጓደኞች ጋር ሆኖ ሃፍ ዶም የሚባለውን ግዙፍ አለት ፊት ለፊት ለማንሣት ከባድ የእንጨት ካሜራ፥ ማቆሚያና 12 የመስታወት ፕሌቶች ተሸክሞ በበረዶ ላይ ወጣ። በመንገድ እያነሣ፥ አንዳንዱም እየተበላሸበት፥ ከአለቱ ፊት ሲደርስ የቀሩት ሁለት ፕሌቶች ብቻ ነበሩ። አንዱን በቢጫ ማጣሪያ መስታወት አነሣው። ወዲያው ግን የሠራው ሥራ አላረካውም። በቢጫው ማጣሪያ የሚወጣው ሥዕል ዓይን የሚያየውን ሰማይ ይመስላል፤ እርሱ በልቡ የተሰማው ግን አለቱ ከጨለማ ሰማይ ሥር ተንጠልጥሎ ሲያስፈራ ነበር። የመጨረሻውን ፕሌት አግብቶ ጥቁር ቀይ ማጣሪያ ሰካና፥ ማጣሪያው የሚያስቀረውን ብርሃን ለመካስ መዝጊያውን 5 ሴኮንድ ከፍቶ አቆየ። ሰማያዊው ሰማይ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ለማለት ጥቂት ቀርቶት ወጣ።

ሌላው ሰው ይህን ጥሩ አጋጣሚ ብሎ ያልፈው ነበር። አዳምስ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘው። መዝጊያውን ከመክፈቱ በፊት ያለቀውን ሥዕል በሐሳቡ ማየት ከቻለ፥ ያሰበውን ያለ ዕድል በሥሌት እንዴት ሊያገኘው ይችላል? በኋላ ለተማሪዎቹ ቀድሞ ማየት እያለ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ሆኖም ወዲያውኑ ፒያኖውን አልተወም። በዚያው በ1927 ዓ.ም. አልበርት ቤንደር የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የኪነ ጥበብ ደጋፊ የመጀመሪያውን የፎቶግራፍ ጥራዙን እንዲያሳትም ረዱት። ሁለት ጌታ ማገልገሉ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ውሳኔው የመጣው በ1930 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በታኦስ ከተማ ከታላቁ ፎቶግራፍ አንሺ ከፖል ስትራንድ ጋር በተገናኘ ጊዜ ነው። ስትራንድ ያሳዩት የታተመ ሥዕል እንኳ አልነበረም፤ ኔጋቲቮቹን ብቻ ነበር። አዳምስ በነጭ ወረቀት ላይ ይዞ ሲመለከታቸው፥ በኔጋቲቭ ውስጥ ያንን ያህል የብርሃንና የጥላ ደረጃ ሊከማች እንደሚችል አየና ፎቶግራፍ የዕድሜ ልክ ሥራው እንዲሆን ቆረጠ። የወላጆቹ ቤት የሙዚቀኛ ልጅ ይጠባበቅ ስለ ነበር ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ገንዘቡም አልነበረም፤ ከዚህ በኋላ ለብዙ ዘመን ለነጋዴዎችና ለኩባንያዎች ማስታወቂያ እያነሣ ቤተሰቡን አስተዳድሯል።

በ1932 ዓ.ም. ከኤድዋርድ ዌስተን፥ ከኢሞጀን ከኒንግሃም፥ ከዊላርድ ቫን ዳይክና ከሌሎችም ጋር ሆኖ ኤፍ 64 የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ስያሜው በትልልቅ ካሜራዎች ሌንስ ላይ ካለችው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ቁጥር የተወሰደ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ከቅርቡ ሣር እስከ ሩቁ ተራራ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍን እንደ ዘይት ቀለም ሥዕል ማደብዘዝ ጥበብ ይባል ነበርና፥ የቡድኑ አባሎች ይህን ለመቃወም ነው የተሰበሰቡት። በ1936 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በራሳቸው ጋለሪ የአዳምስን ሥራዎች አሳዩ። በዓመቱ በዮሰሚቲ የነበረው ጨለማ ክፍሉ በእሳት ተያያዘና ብዙ ኔጋቲቮች ጠፉበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አዳምስ በ1939 እና በ1940 ዓ.ም. አካባቢ በሎስ አንጀለስ አርት ሴንተር በሚባለው ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ እርሱ በልምድ የሚያውቀውን በቃል ሊረዱት አልቻሉም። ስለሆነም ከባልደረባው ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ ዞን ሲስተም የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ እኛ የእርከን ሥርዓት ብንለው ያስኬዳል። መሠረቱን የጣሉት እነርሱ አልነበሩም። ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ቻርልስ ድሪፊልድ የተባሉ በእንግሊዝ አገር በኬሚካል ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በ1890 ዓ.ም. ብርሃን በፕሌት ላይ የሚያሳርፈው ጥቁረት በመጠን የሚለካና በመስመር የሚነደፍ መሆኑን አሳይተው ነበር። አዳምስና አርቸር ያደረጉት ይህን የላቦራቶሪ ዕውቀት በሜዳ ላይ ላለ ሰው እንዲጠቅም አድርጎ ማዘጋጀት ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለው መንገድ ከዞን 0 እስከ ዞን 10 በ11 እርከኖች ይከፈላል። ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው መውጣት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው፤ መውረድ ደግሞ በግማሽ መቀነስ። መካከለኛው ዞን 5 ይባላል፤ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ዞን 3 ጥላ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ነገር የሚታይ ጥላ ነው። ዞን 7 ነጭ ነው፤ ነገር ግን የጨርቁ ሽመና የሚለይበት ነጭ ነው። ከዚህ ወጣ ያለው ወይ ዝም ያለ ጨለማ፥ ወይ ባዶ ወረቀት ወደ መሆን ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ያስፈለገበት ምክንያት የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ሞኝ ስለሆነ ነው። ሞኝ ማለቴ ስድብ አይደለም፤ መሣሪያው የሚመለከተው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። በረዶም አየ፥ ከሰልም አየ፥ ሁለቱንም ግራጫ አድርጎ ወደ ዞን 5 ሊያመጣቸው ይሞክራል። በእኛ አገር በጥምቀት ዕለት በፀሐይ ላይ የቆመችን ነጠላ የለበሰች ሴት ያነሣ ሰው ይህን ሳያውቀው አይቀርም። አዳምስ በሠንጠረዡ ጠይም ፊትን በዞን 5 አካባቢ አስቀምጦታል። ነጠላው ከፊቷ በሦስት እርከን ይበልጥ ቢደምቅ፥ ዞን 8 ላይ ይውላል ማለት ነው። መለኪያው ነጠላውን ብቻ አይቶ ወደ 5 ቢያወርደው፥ ፊቷም በሦስት እርከን ወርዶ ዞን 2 ላይ ይገኛል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ፊቷም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስሕተቱ የካሜራው አይደለም። ለካሜራው ነጩ ነጭ መሆኑን የነገረው የለም።

በአዳምስ ፊልም ዘመን ሕጉ፥ ብርሃኑን በጥላው ለክተህ አንሣ፥ በደማቁ ቦታ ልክ እጠብ የሚል ነበር። ፊልሙ ላይ ሳይደርስ የቀረ ጥላ በምንም መድኃኒት አይመለስም፤ የደማቁን ቦታ ጥቁረት ግን ፊልሙ በሚታጠብበት ጊዜ ርዝመት መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ስለሆነም ጥላው በሚገባው እርከን ላይ እንዲያርፍ የሌንሱን ቀዳዳና የመዝጊያውን ጊዜ ይወስናል፤ ከዚያም ሰማዩ ወይም በረዶው ከልክ ያለፈ እንደሆነ የማጠቢያውን ጊዜ ያሳጥራል፤ የጠወለገ እንደሆነ ያስረዝማል።

አሁን ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣበትን ሥዕል እንመልከት። በ1941 ዓ.ም. የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የብሔራዊ ፓርኮችን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ በቀን 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ከፍሎ ቀጠረው። በዚያ ጉዞ፥ በኖቬምበር 1 ቀን፥ ከትንሹ ልጁ ከማይክልና ከጓደኛው ከሴድሪክ ራይት ጋር በኒው ሜክሲኮ አውራ ጎዳና ወደ ሳንታ ፌ ሲመለስ ሄርናንዴዝ የምትባል ትንሽ መንደር ታየችው። ከመንደሯ በላይ ጨረቃ ወጥታለች፤ በመቃብሩ ሥፍራ የተተከሉት ነጫጭ መስቀሎች በምትጠልቀው ፀሐይ የመጨረሻ ብርሃን ያበራሉ። መኪናውን ከመንገድ ሊያወጣት ጥቂት ሲቀረው አቆመና ማቆሚያውን፥ ካሜራውን፥ ሌንሱን አምጡልኝ እያለ ጮኸ። ሁሉም ተገኘ፤ የብርሃን መለኪያው ግን የት እንደገባ ጠፋ። ፀሐይዋ ወደ ደመናው ጫፍ ቀርባለች።

እዚህ ላይ ሌላው ሰው በግምት ይጫን ነበር። አዳምስ ግን የጨረቃን ድምቀት በቁጥር ያውቅ ነበር፤ በጊዜው መለኪያ በአንድ ካሬ ጫማ 250 የሻማ ብርሃን ነው። ሥሌቱን በተራ እንከተል። በካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም የብርሃን ስሜቱ 64 ነበር፤ የ64 ካሬ ሥር 8 ነው። በእርሱ ዘዴ በ8 ቁጥር ቀዳዳ 250 ድምቀት ያለውን ነገር ዞን 5 ላይ ለማሳረፍ የሴኮንድ 250ኛ ይበቃል። ጨረቃ ግን ግራጫ እንድትሆን አይፈልግም፤ በሁለት እርከን ከፍ ብላ ዞን 7 ላይ እንድታርፍ ነው። ሁለት ጊዜ እጥፍ ሲደረግ የሴኮንድ 60ኛ ያህል ይመጣል። በሌንሱ ፊት የሰካው ማጣሪያ ደግሞ ሦስት እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የሴኮንድ 20ኛ ሆነ። መንደሯም ተራራውም እንዲጠሩ ቀዳዳውን ወደ 32 አጠበበው፤ ይህ ደግሞ ብርሃኑን ወደ 16ኛ እጁ ያወርደዋል። ከ20 እጅ 16ቱ፥ ይኸውም ወደ አንድ ሴኮንድ ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ነው። አንድ ሴኮንድ አለና ከፈተ። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ ሊያነሣ የፊልሙን መያዣ ሲያገላብጥ የፀሐይዋ ብርሃን ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። የቀረው አንድ ኔጋቲቭ ብቻ ነው።

ኔጋቲቩም ቢሆን ቀና አልነበረም። የፊት ለፊቱ ሜዳ ብርሃን ጎድሎት ነበርና አዳምስ ፊልሙን በመድኃኒትና በውሃ እያፈራረቀ ጥላውን እንዳይሞት አድርጎ አጠበው። እንዲያም ሆኖ ለማተም እጅግ አስቸገረው፤ በ1948 ዓ.ም. የታችኛውን ክፍል በሌላ መድኃኒት እንደገና አጠናከረው። ኔጋቲቭ እንደ ሙዚቃ ኖታ ነው፥ ማተም ግን እንደ መጫወት ነው የሚል እምነት ነበረው፤ ፒያኖው በዚህ ቦታ ተመልሶ መጣ። በዕድሜው ዘመን ከዚህ ሥዕል ከ1300 የሚበልጥ ቅጂ በእጁ አትሟል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ሰማዩ ደመናና ግራጫ ይታይበታል፤ በኋለኞቹ ግን ከጨረቃዋ በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን እመርጣለሁ፤ የሚስማማኝ ግን ብዙ ሰው አይገኝም። በ2006 ዓ.ም. አንዱ ቅጂ በኒው ዮርክ በጨረታ ከ600000 ዶላር በላይ ተሸጧል።

አዳምስ የቀን መዝገብ መያዝ አይወድም ነበርና የዚህን ሥዕል ዓመት አንድ ጊዜ 1940፥ ሌላ ጊዜ 1944 እያለ ሲናገር ኖረ። ቀኑን ያገኙት የሥነ ፈለክ ሰዎች ናቸው። የጨረቃዋን ከፍታና አቅጣጫ ከሥዕሉ ላይ ለክተው፥ የመጀመሪያው ሥሌት ከታረመ በኋላ፥ በ1991 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን 1941 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ49 ደቂቃ መሆኑን አረጋገጡ።

ተራራና ጨረቃ ብቻ ያነሣል፥ ዓለም ሲቃጠል አለት ይቆጥራል ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ፈጽሞ ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል። አሜሪካና ጃፓን ከተዋጉ በኋላ ከ110000 የሚበልጡ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፥ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ሳሉ፥ ከቤታቸው እየተነሡ በየካምፑ ታስረው ነበር። አዳምስ በ1943 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በረሃ ወዳለው ማንዛናር ካምፕ ሄዶ ፊታቸውን በቅርብ እያነሣ በ1944 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣው። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነበርና ብዙ ሰው ተቆጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ፈገግታና ሥራ አሳይቶ እሾሃማውን ሽቦ ብዙም አላሳየም የሚሉ አሉ። ፎቶግራፎቹን በ1965 ዓ.ም. ያለ ክፍያ ለአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ዛሬም ማንም ሰው ሊያያቸው ይችላል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክፍል አቋቋመ። ስለ ካሜራና ስለ ኔጋቲቭ የጻፋቸው የመማሪያ መጻሕፍት በ1948 ዓ.ም.፥ ስለ ማተም የጻፈው ደግሞ በ1950 ዓ.ም. ወጡ። ከ30 ዓመት በኋላም ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. እንደገና ጽፎ አሳተማቸው። በ1981 ዓ.ም. በወጣው ኔጋቲቭ በተባለው መጽሐፉ መግቢያ ላይ የኤሌክትሮኒክ ሥዕል እንደሚመጣና አዲሶቹ መሣሪያዎች የራሳቸው ጠባይ እንደሚኖራቸው፥ እርሱም በጉጉት እንደሚጠብቃቸው ጽፏል። ይህን ሲጽፍ የ79 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 ዓ.ም. ሠርቶ ነበር፤ ያ መሣሪያ 10000 ነጥብ ብቻ ያለው ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር።

እንግዲህ ሂስቶግራሙን በአዳምስ ዓይን እንየው። ቃሉ የፎቶግራፍ ሰዎች ያወጡት አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክ ሊቅ ካርል ፒርሰን የሰየመው ነው። ካሜራው በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች እያንዳንዳቸውን በድምቀታቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ 0 ጥቁር ነው፥ 255 ነጭ ነው። ከዚያ በየቁጥሩ ስንት ነጥብ እንዳለ ቆጥሮ ይከምራል። ግራው የጥላ ወገን፥ ቀኙ የብርሃን ወገን፥ ከፍታው የብዛት ነው። የአዳምስ 11 እርከኖች ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድመው እንደ ማለት ነው። ክምሩ በቀኙ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከልክ ያለፈ ብርሃን ገብቷል፤ ያ ነጭ ቦታ ባዶ ነው፥ በውስጡ የነበረው ሽመናም ደመናም ጠፍቷል። በግራው ከተጣበቀ ጥላው ታፍኗል።

ከፊልሙ ሕግ ጋር የሚለይበት ነገር ግን አለ፤ ወጣቶች ሊስቱት አይገባም። ፊልም ጥላውን ካጣ አይመልስም፥ ደማቁን ግን በመጠኑ ይታገሣል። የዲጂታሉ ሴንሰር ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ትንሽ ገንቦ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ የሚያውቅ የለም፤ ጥላው ግን ጥራቱ ቢቀንስም ጥቂት ሊነሣ ይችላል። ስለሆነም ዛሬ የሚለካው በደማቁ ነው። የነጠላው ጥለት እንዳይጠፋ ቀኙን ግድግዳ እያዩ ብርሃኑን መቀነስ፥ ነገር ግን ካስፈለገው በላይ አለመቀነስ። ከዚህም ሌላ ቅርጹ የት ቦታ ላይ ብርሃን እንደ በዛ አይናገርም፤ ብዛቱን ብቻ ነው። በቀይ ልብስ ወይም በቢጫ አበባ ጊዜ ደግሞ አጠቃላዩ ቅርጽ ደኅና መስሎ ሳለ ቀዩ ቀለም ብቻውን ሞልቶ ሊፈስስ ይችላል፤ ስለዚህ ካሜራው የሦስቱን ቀለማት ቅርጽ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ እርሱን ማየት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስሕተት ግን ጥሩ ሂስቶግራም መካከሉ ላይ የተከመረ ደህና ኮረብታ ነው የሚለው ነው። የሄርናንዴዝን ሥዕል የኋለኛውን ቅጂ በዚህ መሣሪያ ብንመለከተው፥ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሰማይ ስለሆነ በግራ በኩል ታላቅ ክምር ይቆማል፤ በቀኝ በኩል ጨረቃዋና ደመናው የሚያዩት ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። በኮረብታው ሕግ የሄደ ሰው ሰማዩን አንጥቶ ጨረቃዋን ያጠፋት ነበር። ቅርጹ ያለውን ይነግራል እንጂ የሚፈለገውን አይነግርም። የሚፈለገውን ለይቶ የሚያውቀው ከካሜራው ጀርባ የቆመው ሰው ነው።

አዳምስ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በካርሜል አጠገብ ባሠራው ቤት ተቀመጠ፤ የቤቱም ትልቁ ክፍል ጨለማ ክፍሉና የሥራ ቦታው ነበር። በ1980 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የነፃነት ሜዳይ ሸለሙት። በአፕሪል 22 ቀን 1984 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት በሴራ ኔቫዳ የሚገኝ ሰፊ የተፈጥሮ ክልል፥ በዓመቱም አንድ ተራራ በስሙ ተጠሩ። ኔጋቲቮቹና ደብዳቤዎቹ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ፥ በቱሳን ከተማ፥ እርሱ ራሱ በ1975 ዓ.ም. ለማቋቋም በረዳው የፎቶግራፍ ማዕከል ተቀምጠዋል። የሄርናንዴዙም እዚያ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. መድኃኒት የነካው የታችኛው ክፍል ከነምልክቱ።